ከጽሕፈት ሥራ እስከ ሚኒስትርነት፦ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወት



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ደብተሩን ዘግቶ፣ በስደት ላይ የተማረ ሰው ማን ይቀጥረዋል ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ሳልጨርስ የተሰደድሁ ነኝና በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ቤቴ ገብቼ ሳስብ ግን አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። የእሳቸውን ሕይወት ለእሱም ለእናንተም በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የመኳንንት ልጅ አልነበሩም። ርስትና ሹመት በዘር በሚወረስበት በዚያ ዘመን፣ ለድሀ ልጅ ክፍት የነበረው በር የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር። እሳቸውም በዚያው በር ገቡ። በእንጦጦ ራጉኤል ተምረው ግዕዙን አደላደሉ፤ እጃቸውም ለጽሕፈት ተፈታ።

ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ነበር፤ አሳምሮ የሚጽፍ ደግሞ ከዚያም ያንስ ነበር። መንግሥት ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ መዝገብ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ኅሩይ በዚህ የጽሕፈት ሥራ ጀመሩ። በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ለንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሲላኩ፣ ኅሩይም ከመልእክተኞቹ ጋር ሄዱ። ባቡሩን፣ ፋብሪካውን፣ ማተሚያ ቤቱን በዓይናቸው አዩ። ሌላው አይቶ የሚረሳውን እሳቸው በማስታወሻ ይይዙት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው በሥራ ላይ እየተጨመረ መጣ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን በዳይሬክተርነት መሩ። በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤትም ዳኛ ሆኑ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ከአጃቢዎቹ አንዱ ነበሩ። የብላቴን ጌታነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው፣ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የመርሐ ቤቴው ልጅ የአገሩን ጉዳይ ከዓለም መንግሥታት ጋር የሚነጋገር ባለሥልጣን ሆነ ማለት ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ሁሉ ሹመት ሲመጣ ብዕራቸውን አልጣሉም። ጎሃ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት ነበራቸው። «ወዳጄ ልቤ»ን ጻፉ። «የልብ አሳብ» በተባለው መጽሐፋቸው ትንሽ ልጅን ለጎልማሳ መዳርን ነቀፉ። «አዲስ ዓለም» በተባለው ደግሞ አውሮፓ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ለአባቱ ተዝካር ሀብት ማባከን አይገባም ብሎ ከዘመዶቹ ጋር ሲጋጭ አሳዩ። ወላጆች ይህን ስታነቡ ዛሬም የምንከራከርበት ነገር መሆኑን ታውቁታላችሁ።

በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት ተጓዙ። ጃፓን ባህልዋንና ነጻነትዋን ሳትለቅ በጥቂት ጊዜ በመሠልጠንዋ እጅግ ተደነቁ። ስለዚያ ጉዞም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍ አሳተሙ። የዚያ ትውልድ ምሁራን ኢትዮጵያም እንዲሁ ትሆናለች ብለው ተስፋ አድርገው ነበር።

ጊዜው ግን አልበቃም። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተነሣ። ከዚያ በኋላ የኅሩይ ሥራ ቴሌግራምና አቤቱታ ወደ ጄኔቫ፣ ወደ መንግሥታት ማኅበር መላክ ሆነ። አገራቸው የማኅበሩ አባል ናት፤ ሕጉም አባል አገር ሲጠቃ ሌሎቹ ይረዱታል ይላል። ሆኖም መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር፣ ማኅበሩ የንግድ ማዕቀብ ጣለ እንጂ ነዳጅ ዘይቱን አልከለከለም። እውነቱን እንነጋገር፤ የሚኒስትሩ ድካም ወረራውን አላስቀረውም። ያቺ ያደነቋት ጃፓንም በ1929 ዓ.ም. ወረራውን ተቀበለች።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። ኅሩይም አብረው ተሰደዱ። በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፣ በኋላም ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ሲታተም የነበረው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው በወረራው ምክንያት ሳይፈጸም ቀረ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነበር፤ እሱንም ጣሊያኖች ገደሉት። ባዝ በምትባል ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት፣ ገንዘብ ባጠረበትና ብርዱ በጸናበት ኑሮ ከንጉሡ ጋር ቆዩ። ትናንት ሚኒስትር የነበሩት ሰው ስደተኛ ሆኑ። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በዚያው አረፉ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ያስጠለለቻቸው እንግሊዝ ራስዋ የጣሊያንን ግዛት ዕውቅና ሰጠች። ኢትዮጵያ ነጻ የወጣችው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ያንን ቀን አላዩም። አስከሬናቸው ግን ኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ።

እንግዲህ ያ ተማሪ ላነሣው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ኅሩይን ሥልጣኑ አልተከተላቸውም፤ ቤቱም፣ ማተሚያውም አልተከተላቸውም። ድንበር ሲሻገሩ አብሯቸው የተሻገረው የተማሩት ብቻ ነው። ትምህርት ሥራ ያስገኛል ብዬ ቃል አልገባላችሁም፤ ማን እንደሚቀጥራችሁ አላውቅምና። በፍተሻ የማይወሰድ ንብረት መሆኑን ግን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኅሩይ «የሕይወት ታሪክ» በተባለው መጽሐፋቸው የብዙ ኢትዮጵያውያንን ሕይወት በአጭር በአጭሩ ሰብስበዋል። መጽሐፉን ያዘጋጁት በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች መሆኑን በርእሱ ላይ ገልጸዋል። እነዚያ ልጆች እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። በመጠለያችሁ ውስጥ ያሉ አንድ አዛውንት ወይም እናት ዘንድ ሄዳችሁ የት ተወለዱ፣ ምን ሠሩ፣ እንዴት መጡ ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቹ ሲጠይቋችሁ አትሰልቹ፤ እናንተ ካልነገራችኋቸው ሌላ የሚነግራቸው የለም።