ትምህርቱ ተቋርጦ ያልቀረው ኒውተን

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1642 በእንግሊዝ ገጠር ሲወለድ አባቱ አስቀድሞ ሞቶ ነበር። ከፍ ሲል እናቱ ከትምህርት አስወጥታ እርሻ ላይ አዋለችው። አጎቱና መምህሩ ግን እናቱን አግባብተው ወደ ትምህርቱ መለሱት። በ1661 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በ1665 ወረርሽኝ ገብቶ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ኒውተን እናቱ ቤት ሆኖ ማጥናቱን ቀጠለ፤ ፍሬን ከዛፍ የሚያወርደው ስበት ጨረቃንም ይዟት እንደሆነ ማስላት ጀመረ። ሕጉን በ1687 በመጽሐፍ አወጣው። በሁለት አካላት መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ስበቱ ሩብ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንድ ዘጠነኛ። ጨረቃ ከምድር መሃል ያላት ርቀት የእኛን 60 እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ የምድር ስበት እዚያ ሲደርስ 3600 ጊዜ ያህል ያንሳል። ቢያንስም አይለቃትም።

ኒውተን በ1727 ዐረፈ።

እኛ የገዳሪፍ ተማሪዎች የትምህርት ቤት መዘጋትን እናውቃለን። ሰሊጥ ሲደርስ ልጅ ለአጨዳ እንደሚፈለግም እናውቃለን። ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ አዝመራው ሲያልቅ፣ እንደ ኒውተን አጎትና መምህር፣ ወደ ደብተራችን መልሱን።