የዕፅዋት ስም ምስክር፤ የጊዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር ሕይወት

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዕፅዋት ካጸናው ሥርዓት ወዲህ እያንዳንዱ ተክል በሁለት የላቲን ቃላት ይጠራል። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። ይሁን እንጂ ስሙ ጸንቶ የሚኖረው ተለይቶ በተቀመጠ ናሙና ምስክርነት ነው። ለብዙዎቹ የኢትዮጵያ ደጋ ዕፅዋት ይህን ምስክር ያቀረበው ጀርመናዊው ጊዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር ነው።

ሺምፐር በ1804 ተወለደ። በአልጄሪያ፣ በግብፅና በዐረብ አገር ዕፅዋት ከሰበሰበ በኋላ በ1837 ዐድዋ ገባ። የላከው በኤስሊንገን ከተማ ሽቶይደልና ሆኽሽቴተር የመሠረቱት ማኅበር ሲሆን፣ አባላቱ ገንዘብ እያዋጡ ከሚመጣው ናሙና ድርሻቸውን ይወስዱ ነበር። ስለዚህ ሺምፐር ከአንዱ ተክል ብዙ ቅርንጫፍ እየቈረጠ፣ በወረቀት መካከል እየተጫነ፣ እያደረቀና ቍጥር እየሰጠ ይልክ ነበር። በአውሮፓ ተቀምጠው ስም የሚያወጡት ግን ሌሎች ነበሩ።

ደጃዝማች ውቤ በእንትጮ አውራጃ ሾሙት፤ ኢትዮጵያዊትም አገባ። በ1855 ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት በዐፄ ቴዎድሮስ ድል ሲሆኑ ግን ሹመቱ ቀረ። ቢሆንም ሥራውን አልተወም። በ1863 በደብረ ታቦርና ንጉሠ ነገሥቱ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ባሰፈሩበት በጋፋት አካባቢ ይሰበስብ ነበር። ከበጌምድር ደጋ የተገኙት እነዚያ ናሙናዎች የቦታውን ስም እንደ ያዙ በአውሮፓ ቤተ ዕፅዋት ይገኛሉ። ከ1864 እስከ 1868 ባዘጋጃቸው ጽሑፎችም የዕፅዋቱን የአገር ቤት ስምና ሕዝቡ የሚያውቀውን ጥቅማቸውን መዘገበ፤ ጽሑፎቹ ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ተጠብቀዋል።

የናሙናው ጥቅም በምሬንዝ ታሪክ ይታያል። አልፎንስ ደ ካንዶል በ1844 ይህን መርዛም ዛፍ ከአጋም ወገን መድቦ ካሪሳ ሺምፐሪ አለው። በኋላ ሽቫይንፉርት ወደ ሌላ ወገን አዛወረውና አኮካንቴራ ሺምፐሪ ተባለ። የወገኑ ስም ሲለወጥ የዝርያው ስም ያልጠፋው ሁለቱም ስሞች የቆሙት በአንድ ናሙና ላይ ስለ ሆነ ነው። እንዲሁም ለኮሶ ትል መድኃኒትነቱ የታወቀው እንቆቆ በ1876 እምበሊያ ሺምፐሪ ተብሎ ተሰየመ።

ሺምፐር በመቅደላ ከተያዙት አውሮፓውያን አንዱ ነበረ። በ1868 ነጻ ሲወጣ ወደ ዐድዋ ተመልሶ በ1878 በዚያው ሞተ። በ1943 የበርሊን ቤተ ዕፅዋት በአየር ድብደባ ሲቃጠል በዚያ የነበሩት አብዛኞቹ ናሙናዎች ጠፉ፤ ነገር ግን ሺምፐር ከአንዱ ተክል ብዙ ቅርንጫፍ ይልክ ስለ ነበር፣ በሌሎች ከተሞች የተቀመጡት ተረፉ። በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል ያዘጋጁት ሊቃውንትም የአንድን ዝርያ ማንነት ሲያጣሩ በእነዚያ ናሙናዎች ተጠቅመዋል። የላቲኑ ስም የሚያስታውሰው ሰብሳቢውን ነው፤ እንቆቆን እንቆቆ ብሎ ያወቀውና ለመድኃኒት ያዋለው ሕዝብ ድርሻ ግን ተመዝግቦ የሚገኘው በስሙ ውስጥ ሳይሆን ሺምፐር በተዋቸው ጽሑፎች ውስጥ ነው።