አካዝ፦ በቤተ መቅደስ ወርቅ ወዳጅ የገዛው ንጉሥ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የይሁዳን ዙፋን ከአባቱ ከኢዮአታም የወረሰው አካዝ፣ በነገሠ ጊዜ ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። የተረከባት አገር ትንሽ ነበረች። በሰሜን በኩል ደግሞ የአሦር ኃይል ከቀን ወደ ቀን እየገነነ፣ ጎረቤት ነገሥታትን አንድ በአንድ ያስገብር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የሶርያው ንጉሥ ረአሶንና የእስራኤሉ ንጉሥ ፋቁሔ ተባብረው ዘመቱበት፤ እርሱን አውርደው የራሳቸውን ሰው ሊያነግሡ ኢየሩሳሌምን ከበቡ። የቀይ ባሕር መውጫ የነበረችው ኤላትም ከይሁዳ እጅ ወጣች። ነቢዩ ኢሳይያስ ንጉሡ እንዳይሸበርና በአምላኩ እንዲታመን መከረው። አካዝ ግን ከመቅደሱና ከቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ወርቅና ብሩን አውጥቶ ለአሦሩ ንጉሥ ለቴልጌልቴልፌልሶር እጅ መንሻ ላከ። ራሱንም የእርሱ አገልጋይና ልጅ አድርጎ ቆጠረ።

ወርቁ የተላከበትን ጉዳይ ፈጸመ። ደማስቆ በ732 ዓመተ ዓለም ወደቀች፤ ረአሶን ተገደለ፤ ፋቁሔም ገሊላንና ገለዓድን አጣ። አካዝ ከከበባው ዳነ፤ ነጻነቱን ግን አላተረፈም። ድል አድራጊውን ሊቀበል ደማስቆ ድረስ ወረደ። በዚያ ያየውን መሠዊያ ንድፍ ለካህኑ ለኦርያ ልኮ በኢየሩሳሌም አምሳያውን አሠራ። በአሦር ንጉሥ ምክንያትም የመቅደሱን ዕቃ ነካካ፤ ታላቁን ኩሬ ከናስ በሬዎቹ ላይ አውርዶ በድንጋይ ንጣፍ ላይ አስቀመጠው። በአሦር የሸክላ ጽሑፍ ላይ ስሙ የሚገኘው ከገባር ነገሥታት ተርታ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ አካዝ 16 ዓመት እንደ ነገሠ ይናገራል። ዕዳው ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። ልጁ ሕዝቅያስ ለአሦር አልገብርም ባለ ጊዜ፣ በ701 ዓመተ ዓለም ሰናክሬም የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች ያዘ። ሕዝቅያስም 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ለመክፈል የመቅደሱን ደጆች ወርቅ እስከ መግፈፍ ደረሰ። አባት አንድ ጊዜ ለመዳን የከፈተውን ግምጃ ቤት፣ ልጅ ሊዘጋው ሲሞክር ዋጋው በእጥፍ ከብዶ ጠበቀው።