ቨርትነር ታንዲ፤ አርክቴክትና የማኅበር መሥራች

በኒውዮርክ ግዛት የመጀመሪያው ጥቁር የተመዘገበ አርክቴክት ለመሆን የበቃው ቨርትነር ዉድሰን ታንዲ በኬንተኪ፥ ሌክሲንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1885 ተወለደ። አባቱ ሄንሪ ታንዲ በባርነት ተወልዶ፥ ነፃ ከወጣ በኋላ በሕንፃ ተቋራጭነት ስም ያተረፈ ሰው ስለ ነበር፥ ልጁ ከሙያው ጋር የተዋወቀው ገና በቤቱ ሳለ ነው። በ1904 በተስኪጊ ትምህርቱን ጀመረ፤ በ1905 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ።

በኮርኔል የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነርሱም ስድስቱ ለ1905 የትምህርት ዘመን ሳይመለሱ ቀሩ። የነጭ ተማሪዎች ኑሮ በአብዛኛው ፍራተርኒቲ በሚባሉት የወንድማማች ማኅበራት የተደገፈ ነበር። መኖሪያው፥ ማዕዱ፥ የጥናት እገዛው፥ ከምረቃ በኋላም ለሥራ የሚያበቃው ትውውቅ ከዚያ ይገኝ ነበር። ጥቁር ተማሪ ግን በአባልነት አይገባም፤ በእነዚሁ ቤቶች ማዕድ እያስተናገዱ ለትምህርታቸው ገንዘብ ያገኙ የነበሩም አልታጡም። የጎደላቸው ችሎታ ሳይሆን ደጋፊ መሆኑን የተረዱት ወጣቶች በመጀመሪያ የጥናት ጓድ አቋቋሙ። ይህንኑ ወደ ወንድማማች ማኅበር ስለ መለወጥ ከተከራከሩ በኋላ፥ ታንዲና ስድስት ጓደኞቹ ታኅሣሥ 4 ቀን 1906 (እ.ኤ.አ.) አልፋ ፋይ አልፋን መሠረቱ። ታንዲ የመጀመሪያው ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ አባላቱ በደረታቸው የሚያደርጉትን ዓርማም ነደፈ። በ1907 ሁለተኛው ቅርንጫፍ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ።

ከኮርኔል በኋላ ታንዲ በኒውዮርክ ከጆርጅ ዋሽንግተን ፎስተር ጋር በሽርክና ሠራ። በሃርለም የሚገኘው የቅዱስ ፊልጶስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የሁለቱ ሥራ ነው። በ1918 ደግሞ ለባለሀብቷ ለማዳም ሲ. ጄ. ዎከር በአርቪንግተን የተሠራው ቪላ ሌዋሮ በእርሱ ንድፍ ተጠናቀቀ። የተገፋው ወገን ምእመናንና ነጋዴዎች ሥራ ባይሰጡት ኖሮ፥ እነዚህ ታላላቅ ሥራዎቹ ባልታዩም ነበር።

ታንዲ በ1949 አረፈ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1945፥ የመሠረተው ማኅበር ዘር ሳይለይ አባላትን መቀበል ጀምሮ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የብዙ ነጭ ፍራተርኒቲዎች ደንብ ጥቁሮችን በግልጽ ይከለክል ነበር። ስለዚህ የታንዲን ሥራ በሕንፃዎቹ ብቻ መመዘን አይበቃም። ማኅበር ለባለሙያ ጥቅም የሚሰጠው አባላቱን በማገናኘቱ እንደሆነ ሁሉ፥ በደል የሚሆነውም በሩን በዘር ሲዘጋ ነው። ታንዲና ጓደኞቹ በተዘጋው በር ፊት ቆመው አልቀሩም፤ የራሳቸውን ቤት ሠሩ፥ ኋላም ለሌላው ክፍት ሆነ።