ታላቁ አለቃ ጋብሪኤል ሲሊቦይና የ1752ቱ ውል

ጋብሪኤል ሲሊቦይ በ1874 ዓ.ም. (ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር፣ በኬፕ ብሬተን ደሴት ላይ ዋይኮኮማ በተባለች መንደር ተወለዱ። ሕዝባቸው ሚክማው ይባላል። ይህ ሕዝብ አውሮፓውያን ከመድረሳቸው አስቀድሞ ከባሕሩ ዓሣ፣ ከዱሩም አውሬ እያደነ፣ አገሩን በ7 አውራጃዎች ከፍሎ ይኖር የነበረ ነው። ሳንቴ ማዊዮሚ የተባለ ታላቅ ሸንጎ አለው፤ ከሸንጎው ሹማምንትም አንዱ ፑቱስ ሲሆን፣ በዛጎል ዶቃ የተሠራውን መቀነት እያነበበ ሕዝቡ የገባባቸውን ውሎች የሚያስታውስ እርሱ ነው። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሽማግሌዎች ኋላ በችሎት ቆመው የመሰከሩት ይህን የመሰለውን የቃል ትውፊት ነውና።

የታላቁ አለቃ ሹመት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ በ1918 ዓ.ም. የመጨረሻው ወራሽ በሞቱ ጊዜ፣ ሲሊቦይ በምርጫ የተሾሙ የመጀመሪያው ታላቅ አለቃ ሆኑ። በሹመቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው 46 ዓመት ቆዩ።

የሲሊቦይን ስም ከሕግ ታሪክ ጋር ያቆራኘው ነገር ግን ኅዳር 4 ቀን 1927 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያን ዕለት አደን በተከለከለበት ወራት 14 የማስክራትና አንድ የቀበሮ ቆዳ ይዘው ተገኙ፤ ተከሰሱም። ማስክራት በረግረግ የሚኖር፣ ስለ ጠጉሩ የሚታደን ትንሽ አውሬ ነው። አለቃው ቆዳዎቹ የእኔ አይደሉም ብለው አልካዱም። መከላከያቸው ውሉ ነበር።

ውሉ ኅዳር 22 ቀን 1752 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ገዥ ፔሬግሪን ሆፕሰንና የሹቤናካዲ ሚክማው አለቃ ዣን ባቲስት ኮፕ በሃሊፋክስ የተፈራረሙት ነው። ሚክማው ሰላም ሊጠብቁ፣ ንጉሡም እንደ ልማዳቸው በነጻ እንዲያድኑና ዓሣ እንዲያጠምዱ ሊፈቅድ፣ በየዓመቱም ጥቅምት 1 ቀን ብርድ ልብስ፣ ትምባሆ፣ ባሩድና ጥይት ሊሰጣቸው ተስማሙ። ሲሊቦይም ንጉሡ የሰጠውን ይህን መብት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ማደጋቸውን መሰከሩ፤ ሌሎች ሽማግሌዎችም የምስክርነት ቃላቸውን ሰጡ።

ይግባኙን በ1928 ዓ.ም. የሰሙት የአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ጆርጅ ፓተርሰን ግን ጥፋተኝነቱን አጸኑት። ፍርዱ በሁለት ምክንያት ላይ የቆመ ነው። አንደኛው፣ ሚክማው ያልሠለጠኑ ሰዎች እንጂ ራሱን የቻለ መንግሥት ስላልሆኑ ውል ለመዋዋል ችሎታ የላቸውም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ኮፕ የፈረመው ለሹቤናካዲ ሰዎች ብቻ ስለሆነ የኬፕ ብሬተን ሰው ሊጠቀምበት አይችልም የሚል ነው። በ1752 ዓ.ም. ኬፕ ብሬተን በፈረንሳዮች እጅ ስለነበረች፣ ሁለተኛው ቢያንስ የሚያከራክር ነጥብ ነበር። የመጀመሪያው ግን ለሕግ ሰው ግራ ነው፤ ሰላሙን ሲፈልግ ተዋዋይ ብሎ ያስፈረመው ወገን፣ ግዴታው ሲጠየቅ ተዋዋዩ ሰው አልነበረም ሊል ነውና።

ዘመኑም የሚያመች አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. የካናዳ መንግሥት የነባር ሕዝቦችን የመብት ጥያቄ ለማስከሰስ ያለ ፈቃድ ገንዘብ መሰብሰብን በሕግ ከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1951 ዓ.ም. ጸንቶ ኖረ። ሲሊቦይ በ1964 ዓ.ም. ሲያርፉ ፍርዱ ገና አልተነካም ነበር።

የተነካው በ1985 ዓ.ም. ነው። ጄምስ ሳይመን የተባለ የሹቤናካዲ ሚክማው በተከለከለ ወራት ጠመንጃ ይዞ በመገኘቱ ተከስሶ ጉዳዩ እስከ ካናዳ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም የ1752ቱ ውል የጸና መሆኑን ወሰነ። ፍርዱን የጻፉት ዋና ዳኛ ብራያን ዲክሰን የፓተርሰን አነጋገር ያለፈ ዘመን አድልዎ ያለበት መሆኑን ገለጹ። ሳይመን የሹቤናካዲ ሰው በመሆኑ የኬፕ ብሬተን ጥያቄ በዚያ ጉዳይ አልተወሰነም። በሲሊቦይ እግር የተተኩት የታላቁ አለቃ የዶናልድ ማርሻል ልጅ ግን፣ የኬፕ ብሬተን ተወላጅ፣ በ1760 እና በ1761 ዓ.ም. የተፈረሙትን ሌሎች ውሎች ይዞ ተከራክሮ በ1999 ዓ.ም. በዚያው ፍርድ ቤት ረታ። የክሱ ምክንያት እባብ መሰል ዓሣ ያለ ፈቃድ አጥምዶ መሸጡ ነበር።

በሲሊቦይ ላይ የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ ግን በመዝገብ ላይ እንዳለ ቀርቶ ነበር። የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በሃሊፋክስ፣ የኖቫ ስኮሺያ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ማክኒል በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ የንጉሣዊው ዘውድ እንደራሴ ጄ. ጄ. ግራንትም ምሕረት ሰጡ። ምሕረት እንደሚታወቀው ብዙ ጊዜ ለጥፋተኛ የሚሰጥ ነው። ለአለቃው የተሰጠው ግን ነጻ ምሕረት የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ሰውየው መጀመሪያውኑ ሊፈረድባቸው የማይገባ እንደነበረ የሚቀበል ነው።