የእንትጮው ሹም ቪልሄልም ሺምፐር

በኢትዮጵያ ደጋ፥ ክረምት ሲበረታ ውሃ በሚተኛበት ጨፌ ውስጥ፥ ከሣሩ መካከል ቀጥ ብሎ የሚቆም፥ አረንጓዴና ነጭ አበባ ያለው የኦርኪድ ዓይነት ይገኛል። የዕፅዋት ሊቃውንት ሀበናርያ ሺምፔሪያና ይሉታል። ስሙ የተሰጠው ለጀርመናዊው ጌዎርግ ቪልሄልም ሺምፐር መታሰቢያ ነው።

ሺምፐር በ1804 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኑረምበርግ አጠገብ ተወለደ። በአልጀርያ፥ በግብፅ፥ በሲናና በሒጃዝ ተክል ከለቀመ በኋላ በ1837 በምጽዋ ወደብ አልፎ ወደ ዓድዋ ወጣ። ወጪውን የቻለለት በኤስሊንገን ከተማ የተቋቋመ ማኅበር ነበረ። አባሎቹ ገንዘብ አስቀድመው ያዋጣሉ፤ በኋላም እንደ ድርሻቸው የደረቀ ተክል ይቀበላሉ። ነጋዴ ይህን አሠራር ሳይነግሩት ይረዳዋል።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። የጨፌ ኦርኪድ ውሃ ያዘለ ስለ ሆነ፥ ሲደርቅ ይጠቁርና መልኩን ያጣል። መለያውም ረቂቅ ነው። የሀበናርያ አበባ ከንፈሩ በሦስት ይከፈላል፤ ከበስተ ኋላውም አንድ ጭራ መሰል ቀንድ አለው። ሳቲሪዩም የሚባለው ወገን ግን ሁለት ቀንድ አለው፤ ከንፈሩም ወደ ላይ ነው። ይህ ሁሉ በደረቀው ላይ ካልታየ፥ በሩቅ አገር ያለው መርማሪ በምን ይለየዋል? ሺምፐር የላከውን ሆክስቴተር ስም አወጣለት፤ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻርም በ1850 ገደማ በመጽሐፍ አሳተመው። ሳቲሪዩም ሺምፔሪ የተባለውም በዚያው መጽሐፍ ይገኛል።

ደጃዝማች ውቤ ወደዱትና የእንትጮን አውራጃ ሾሙት፤ እሱም የአገር ሴት አግብቶ ተቀመጠ። ዳሩ ግን ደጃዝማች ውቤ በ1855 በደረስጌ በዐፄ ቴዎድሮስ ድል በሆኑ ጊዜ ሹመቱ ከእጁ ወጣ። ሃምሳ ዓመት ለሞላው ሰው ይህ ከባድ ውድቀት ነበረ። እሱ ግን አገሩ አልተመለሰም፤ እንደገና ወደ ተክል ለቀማው ገባ። ስለ ትግራይ ዕፅዋት፥ የአገሩን ሰው አጠራርና ጥቅማቸውን ጭምር በሰፊው ጽፎ ተወ፤ ጽሑፉም በለንደን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በመጨረሻም ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር በመቅደላ ታስሮ በ1868 ተፈታ። ከዚያም ወደ ዓድዋ ተመልሶ በ1878 በዚያው ዐረፈ።