ካፖዬራን ከወንጀል መዝገብ ወደ ትምህርት ቤት ያሻገሩት መምህር

በጎጃም ደጋ የቅኔ ደቀ መዝሙር መምህሩን «የኔታ» ብሎ ይጠራል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ በብራዚል፣ የካፖዬራ ተማሪዎች አስተማሪያቸውን በተመሳሳይ አክብሮት «ሜስትሬ» ይሉታል። ካፖዬራ ፍልሚያን፣ ውዝዋዜንና ዜማን በአንድ ያጣመረ ጥበብ ነው። በታሪኩ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ መምህራን አንዱ ማኑኤል ዶስ ሬይስ ማሻዶ ሲሆኑ፣ ዓለም የሚያውቃቸው ሜስትሬ ቢምባ በሚለው መጠሪያ ነው።

ቢምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በሳልቫዶር ከተማ፣ በባህያ ግዛት ተወለዱ። ካፖዬራ ቀድሞ የበቀለው ከአፍሪካ በግፍ ተግዘው የሸንኮራ አገዳ እርሻን በባርነት ካለሙ ሰዎችና ከልጆቻቸው መካከል ነው። ብራዚል ባርነትን እ.ኤ.አ. በ1888 በሕግ ሻረች። ሆኖም በ1890 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ካፖዬራን በአደባባይ መጫወት ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚያሳስር ወንጀል አደረገው።

አባታቸው ተጋጣሚን በእግር ጠልፎ በመጣል በሚታወቀው ባቱኬ በተባለው ጨዋታ ስመ ጥር ነበሩ። ቢምባ ካፖዬራን መማር የጀመሩት በ12 ዓመታቸው ቤንቲኞ ከተባሉ አፍሪካዊ የመርከብ ሰው ነው። ካደጉም በኋላ በወደብ ጫኝነትና በአናጺነት እየሠሩ ጥበቡን ለሌሎች ማስተማር ያዙ።

ካፖዬራ የፍልሚያ ኃይሉን እያጣ መምጣቱ ቢምባን አሳሰባቸው። ስለዚህ ከባቱኬ የወረሱትን ስልት ጨምረው፣ እንቅስቃሴዎቹን ተማሪ ደረጃ በደረጃ እንዲለማመዳቸው በቅደም ተከተል አደራጁ። የካፖዬራ ስም ገና በሕግ የተነቀፈ ስለነበር ሥራቸውን የባህያ ክልላዊ ትግል ብለው ሰየሙት። በ1932 ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1937ም ከግዛቱ የትምህርት ባለ ሥልጣናት ሕጋዊ ዕውቅና አገኙ። ተማሪ ሆኖ ለመቀበል ሰውየው ሠራተኛ ወይም ትምህርት ላይ ያለ መሆን ነበረበት። በዚህ ሥርዓት ጥበቡ ከሥራ ፈት ስም ተላቀቀ፤ የድኃው ልጅና የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በአንድ ክብ ውስጥ ተገናኙ።

የክቡ መሪ ቤሪምባው የተባለው መሣሪያ ነው። እንደ ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ቢሆንም፣ አውታሩ በደጋን እንጨት ላይ የተወጠረ ሽቦ ነው፤ ድምፁን የሚያጎላው ቅል ሲሆን፣ የሚመታውም በቀጭን ዘንግ ነው። ተጫዋቾች ፍጥነታቸውን የሚለኩት በእርሱ ምት ነው።

በ1953 ቢምባና ተማሪዎቻቸው ጥበባቸውን በፕሬዚዳንት ዤቱልዮ ቫርጋስ ፊት አሳዩ። ትላንት የሚያሳስረው ጨዋታ የመንግሥት እንግዳ ሆነ። መምህሩ ግን ከዕድሜ ልክ ድካማቸው ሀብት አላፈሩም። በ1973 በባህያ ድጋፍ በማጣታቸው አዝነው ወደ ጎያኒያ ከተማ ተሰደዱ፤ በየካቲት 5 ቀን 1974ም በዚያው በድህነት አረፉ።

አስከሬናቸው ከዓመታት በኋላ ወደ ሳልቫዶር ተመለሰ። በ1996 የባህያ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ2014 ደግሞ ዩኔስኮ የካፖዬራን ክብ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። ክብሩ ሁሉ የመጣው ባለቤቱ ካለፉ በኋላ ነበር። ፉከራን፣ ሽለላንና የማሲንቆን ቅኝት በልባቸው የያዙ አዋቂዎች ዛሬም ላሉበት የጎጃም ምድር፣ የቢምባ ሕይወት ባለ ጥበብን በቁሙ ማክበርን ያሳስባል።